የማይበላሽ መኪና ወይስ ቶሎ የሚጠገን መኪና?



በካምፓችን ሾፌር ወይም መካኒክ የነበሩ ሁለት ሰዎች ሻይ ይዘው ከተቀመጡ የማይቀር አንድ ክርክር አለ። አንደኛው «መኪናስ ድሮ ቀረ! የድሮው በካቻቢቴና በፒንሳ ይሠራ ነበር፤ የዛሬው ግን አንድ መብራት ከበራበት ኮምፒውተር ካልመጣ አይነካም» ይላል። ሌላው ደግሞ «የድሮውን እኮ የምታመሰግነው ወጣትነትህ ስለናፈቀህ ነው፤ ከመንዳት መግፋቱ ይበዛ የነበረውን ረሳኸው?» ብሎ ይመልስለታል። ሳቁ ይደምቃል፣ ክርክሩ ግን ሳይቋጭ ሻዩ ያልቃል።

ነገሩ የጨዋታ ብቻ አይደለም። እዚህ ካኩማ ምጥ የያዛት እናት ወደ ትልቅ ሆስፒታል የምትወሰደው በመኪና ነው። ዱቄቱም፣ ዘይቱም፣ የመማሪያ መጽሐፉም የሚመጣው በመኪና ነው። በአሮጌ ሞተር ላይ ሙያ የሚማሩ ወጣቶቻችንም «ይሄ የምንማረው ነገ እንጀራ ይሆነናል ወይ?» እያሉ ይጠይቃሉ። ስለዚህ በዚህ እትም ጥያቄውን ረጋ ብለን እንየው። የትኛው ነው አስተማማኙ? (በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመተ ምሕረቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

«ቀላል መኪና» ስንል ምን ማለታችን ነው?

ማንኛውም የቤንዚን ሞተር ሦስት ነገር ይፈልጋል፦ አየር፣ ነዳጅ፣ በሰዓቱ የሚመጣ የእሳት ብልጭታ። በድሮው መኪና እነዚህን የሚያቀናጁት በዓይን የሚታዩ፣ በእጅ የሚዳሰሱ ዕቃዎች ናቸው። ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው ካርቦራተር ነው። የብልጭታውን ሰዓት የሚቆርጠው ፑንቲና ሲሆን ብልጭታው የሚወጣው በካንዴላ በኩል ነው። የካርቦራተሩ ቀዳዳ ቢደፈን ይፈታና ይነፋል። ፑንቲናው ቢቃጠል በብርጭቆ ወረቀት ይጠረጋል። ለዚህ ሁሉ የሚያስፈልገው ጥቂት ቁልፎች፣ ካቻቢቴና የሠለጠነ ጆሮ ነው።

ብዙዎቻችን የምናውቃት ምሳሌ ቮልስ ናት። ይህች የቮልስዋገን መኪና ከ1938 እስከ 2003 ድረስ ከ21 ሚሊዮን በላይ ተሠርታለች። ሞተሯ የሚቀዘቅዘው በአየር ስለሆነ ራዲያተር የላትም፤ ራዲያተር ከሌለ ደግሞ የሚያፈስ ውኃም የሚበሳ ጎማ ቱቦም የለም። ዕቃው በቀነሰ ቁጥር ሊበላሽ የሚችለውም ይቀንሳል የሚለው ሐሳብ ግልጽ ሆኖ የሚታየው በእርሷ ላይ ነው።

ከናፍታዎቹ ደግሞ በየካምፑ የሚመላለሰውን የ70 ዓይነት ላንድክሩዘር እንውሰድ። መኪናው የወጣው በ1984 ነው። በ1990 የመጣለት 1 ኤች.ዜድ የተባለው ሞተር 4.2 ሊትር፣ ባለ 6 ሲሊንደር፣ ቱርቦ የሌለው ነው። ናፍታ በመታመቅ ስለሚቀጣጠል ካንዴላ አያስፈልገውም። ነዳጁን የሚያድለው በማርሽ የሚዞር ፖምፓ እንጂ ኮምፒውተር አይደለም። አንዴ ከተነሣ በኋላ ለመሥራት የሚፈልገው ኤሌክትሪክ እጅግ ጥቂት ነው። የዕርዳታ ድርጅቶች ለረጅም ዓመታት ይህን ሞተር የመረጡት ያለ ምክንያት አልነበረም።

ታዲያ ለምን ተወሳሰበ?

አንዳንዶች «ፋብሪካዎቹ ገንዘብ ሊበሉን ሆን ብለው አወሳሰቡት» ይላሉ። ዋናው ምክንያት ግን ጭሱ ነው። በትልልቅ ከተሞች የመኪና ጭስ ሰውን ማሳመም ሲጀምር መንግሥታት ሕግ አወጡ። አሜሪካ በ1970 የአየር ብክለት ሕጓን አጠናከረች። ከ1975 ዓይነት መኪናዎች ጀምሮ ማርሚታው ላይ ጭሱን የሚያጣራ ካታሊስት የሚባል ዕቃ መግጠም ተለመደ።

ቀጥሎ የመጣው የተሻለ ካታሊስት በደንብ የሚሠራው ለ1 ኪሎ ቤንዚን 14.7 ኪሎ ያህል አየር ሲገባ ነው። ካርቦራተር ይህን ልክ በዳገቱም፣ በሙቀቱም፣ በብርዱም ጠብቆ መቆየት አይችልም። ስለዚህ የጭሱን ኦክስጅን የሚለካ ሴንሰር፣ መልእክቱን የሚያነብ ኮምፒውተርና የታዘዘውን ያህል ብቻ የሚረጭ ኢንጄክተር አስፈለጉ። አንዱ ዕቃ ሌላውን እየጠራ መጣ ማለት ነው። ከዚያም አሜሪካ ከ1996 ዓይነት ጀምሮ እያንዳንዱ መኪና ብልሽቱን በቁጥር የሚናገርበት አንድ ዓይነት ሶኬት እንዲኖረው አስገደደች። አውሮፓም ይህንኑ ለቤንዚን መኪና በ2001፣ ለናፍታ ደግሞ ጥቂት ዓመታት ቆይታ ተግባራዊ አደረገች።

ናፍታውም አልቀረለትም። በድሮው ኢንጄክተር ነዳጁ የሚረጨው ዝቅ ባለ ግፊት ነበር። ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ የተስፋፋው «ኮመን ሬል» የሚባለው አሠራር ግን ግፊቱን ከ1 ሺህ ባር በላይ፣ ኋላም እስከ 2 ሺህ ባርና ከዚያ በላይ አደረሰው። ትርፉ ብዙ ነው፤ ጉልበት ጨመረ፣ ነዳጅ ቆጠበ፣ ጭሱም ድምፁም ቀነሰ።

ያንኑ ላንድክሩዘር እንይ። አውስትራሊያ ውስጥ አሮጌው ሞተር በ2007 ወጥቶ ባለ 8 ሲሊንደር ኮመን ሬል ተተካለት። ወደ አፍሪካ የዕርዳታ ሥራ የሚላከው ግን ከዚያም በኋላ አሮጌውን ሞተር ይዞ መምጣቱን ቀጠለ። መኪናው አንድ ሆኖ ሳለ ሞተሩ እንደሚሄድበት አገር ተለየ። ይህን ነጥብ ያዙልን፤ ወደኋላ ያስፈልገናል።

ብዙ ዕቃ ማለት ብዙ ብልሽት ነው?

እዚህ ላይ የሒሳብ መምህራን ይርዱን። አንድ ማሽን 10 ዕቃዎች አሉት እንበል። አንዱ ከተበላሸ ማሽኑ ይቆማል። እያንዳንዱ ዕቃ ዓመቱን ሳይበላሽ የመጨረስ ዕድሉ 99 በመቶ ቢሆን፣ ማሽኑ ሳይቆም ዓመቱን የመጨረስ ዕድሉ 0.99 በራሱ 10 ጊዜ ተባዝቶ የሚገኘው፣ ማለትም 90 በመቶ ያህል ነው። ዕቃዎቹ 100 ቢሆኑስ? ውጤቱ ወደ 37 በመቶ ይወርዳል። የአዛውንቶቹ ፍርሃት ትክክል ነው ማለት ነው!

ነገር ግን ሒሳቡ እዚህ አያበቃም። ዕቃዎቹ 1 ሺህ ሆነው እያንዳንዱ 99.99 በመቶ አስተማማኝ ቢሆን ውጤቱ እንደገና 90 በመቶ ገደማ ይሆናል። የዕቃው ብዛት 100 ጊዜ ቢጨምርም የእያንዳንዱ ጥራት 100 ጊዜ ከተሻሻለ ማሽኑ ከቀድሞው አያንስም። የዘመናዊው መኪና ምሥጢር ይኸው ነው። የተወሳሰበ ቢሆንም እያንዳንዱ ዕቃ ከድሮው እጅግ በተሻለ ጥራት ይሠራል።

ማስረጃው በራሱ በመኪናው ዳሽቦርድ ላይ አለ። በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ የተሠሩ የብዙ መኪናዎች ኪሎ ሜትር ቆጣሪ 5 አኃዝ ብቻ ነበረው። 99,999 ላይ ሲደርስ ወደ ዜሮ ይመለሳል። ዛሬ ግን 200 ሺህ ኪሎ ሜትር የሄደ መኪና መንገድ ላይ ማየት ማንንም አያስደንቅም። ቮልስ ቫልቭዋ በየ5 ሺህ ኪሎ ሜትሩ አካባቢ መስተካከል ነበረበት። ፑንቲናም በየጊዜው ይስተካከላል፣ ይለወጣል። ዛሬ ፑንቲና የሚባል ነገር የለም፤ አንዳንዱ ካንዴላ 100 ሺህ ኪሎ ሜትር ይዘልቃል።

አንድ ነገር ደግሞ እንጨምር። «ያ አሮጌ መኪና 40 ዓመት ሆኖት አሁንም ይሄዳል» ስንል የምናየው የተረፈውን ነው። አብረውት የተሠሩት አብዛኞቹ ቀልጠው ብረት ሆነዋል፤ የእነርሱን ታሪክ የሚነግረን የለም። አንድ የ90 ዓመት አዛውንት ትንባሆ ሲያጨሱ አይተን ትንባሆ ዕድሜ ይጨምራል ብንል ስሕተት አይደል? ይህም እንደዚያው ነው።

ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎች

እንግዲህ ዘመናዊው ቶሎ የማይበላሽ ከሆነ አዛውንቶቹ ለምን ያማርራሉ? ምክንያቱም ሁለት ጥያቄዎች በአንድ ቃል ተጠቅልለው ስለሚቀርቡ ነው። አንደኛው «በዓመት ስንት ጊዜ ይበላሻል?» የሚለው ነው። ሁለተኛው «ሲበላሽ ስንት ቀን ይቆማል?» የሚለው ነው።

ለምሳሌ ያህል ሁለት መኪናዎችን እናስብ። «ሀ» አሮጌ ነው። በየወሩ ይበላሻል፤ ግን እዚሁ በአንድ ቀን ይጠገናል። በዓመት የሚቆመው 12 ቀን ነው። «ለ» ዘመናዊ ነው። በዓመት አንዴ ብቻ ይበላሻል፤ ግን የሚያነበው ማሽንም መለዋወጫውም ከናይሮቢ፣ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ርቀት፣ እስኪመጣ 30 ቀን ይፈጃል። «ሀ» በዓመት 353 ቀን፣ «ለ» 335 ቀን አገለገሉ ማለት ነው። ትንሹን ብልሽት ያየው መኪና ብዙ ቀን ቆመ! ግቢ ውስጥ ታጥቦ የቆመ ምርጥ መኪና ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ ነው።

አሁን አንድ ነገር ብቻ እንለውጥ። ማንበቢያው ማሽን እዚሁ ቢኖር፣ ቶሎ ቶሎ የሚበላሹት ጥቂት መለዋወጫዎች በመጋዘን ቢቀመጡና የሚሠራው ሰው ሠልጥኖ ቢገኝ፣ የ«ለ» ጥገና 2 ቀን ብቻ ይፈጃል እንበል። ያኔ 363 ቀን ያገለግላልና «ሀ»ን በሰፊው ይበልጠዋል። ልብ በሉ፣ በመኪናው ላይ የተለወጠ አንድም ብሎን የለም። የተለወጠው በዙሪያው ያለው ነገር ነው። እኛ ለማለት የፈለግነውም ይህን ነው፤ አስተማማኝነት በኮፈኑ ሥር ብቻ የሚገኝ ነገር አይደለም። ግማሹ ያለው በመጋዘኑ፣ በነዳጁ፣ በመንገዱና በሰው ጭንቅላት ውስጥ ነው።

አምቡላንስ ሲሆን ደግሞ ሒሳቡ ይጠብቃል። 12 ጊዜ የሚበላሽ መኪና ሌሊት በሽተኛ ጭኖ ደረቅ ወንዝ ውስጥ የመቆም ዕድሉ አንድ ጊዜ ከሚበላሸው ይበዛል። ለአምቡላንስ ሁለቱም ጥያቄዎች እኩል ያሳስባሉ። የመጀመሪያውን የሚቀንሰው ሳይበላሽ በፊት የሚደረግ ፍተሻ ነው። ሁለተኛውን የሚቀንሰው መለዋወጫና ዕውቀት ነው።

ቦታው መኪናውን ይመርጣል

ወደ ላንድክሩዘሩ እንመለስ። ፋብሪካው ለአፍሪካ አሮጌውን ሞተር የላከው ለምንድነው? አንዱ መልስ ነዳጁ ነው። የኮመን ሬል ኢንጄክተር ውስጥ በሚንቀሳቀሱት ክፍሎች መካከል ያለው ክፍተት ጥቂት ማይክሮን ብቻ ነው። የሰው ፀጉር ውፍረት 70 ማይክሮን ያህል መሆኑን አስቡት! በርሜል ውስጥ የቆየ ናፍታ ዝገት አለበት፤ ቀን ግሎ ሌሊት ሲቀዘቅዝ ከአየሩ ውኃ ይቋጥራል። አሮጌው ፖምፓ ይህን ይጠላል እንጂ በአንድ ቀን አይሞትም። አዲሱ ግን ብዙ ገንዘብ ያስወጣል።

ሌላው ድኝ ነው። በዘመናዊ ናፍታ መኪና ማርሚታ ላይ ጥላሸት የሚይዝ ማጣሪያ ይገጠማል። ይህ ማጣሪያ ድኙ በጣም የቀነሰ ነዳጅ ይፈልጋል። አውሮፓ ከሚሊዮን 10 እጅ ላይ ደርሳለች። ኬንያና አንዳንድ ጎረቤቶቿ ከጥር 2015 ጀምሮ ወደ 50 እጅ አወረዱ፤ ኬንያ ውስጥ ከዚያ በፊት 500 ነበር። ትልቅ መሻሻል ነው። በዚያ ላይ ማጣሪያው ጥላሸቱን የሚያቃጥለው መኪናው ረጅም መንገድ ሲሄድና በደንብ ሲግል ነው። ከክሊኒክ ወደ ቢሮ፣ ከቢሮ ወደ መጋዘን በዝግታ የሚመላለስ መኪና ግን ማጣሪያው ይደፈናል።

የቱርካና አቧራ፣ ሙቀቱና ንዝረቱም አሉ። ሴንሰር ራሱ ጤነኛ ሆኖ ሶኬቱ አቧራ ሊገባበት፣ ሽቦው ሊላላ፣ አይጥ ሊቆርጠው ይችላል። የቁልፉ ቺፕ ካልታወቀለት ሞተሩ ጤነኛ ሆኖ ሳለ የማይነሣ መኪናም አለ። ይህ የመጠገን ጥያቄ የድሃ አገር ብቻ አይደለም። በአሜሪካ የማሳቹሴትስ ግዛት የጥገና መረጃ ለማንኛውም ጋራዥ ክፍት እንዲሆን በ2012 ሕግ አውጥታለች።

የድሮውን ስናመሰግን ግን ያልነበረውን አንርሳ። አብዛኞቹ አሮጌ መኪናዎች በግጭት ጊዜ የሚነፋ ኤርባግም ሆነ ጎማ እንዳይንሸራተት የሚያደርግ ፍሬን አልነበራቸውም። ጭሳቸውንም የሚተነፍሱት ልጆቻችን ናቸው።

ኮምፒውተሩ የሚነግረንና የማይነግረን

ወጣት መካኒኮች ማንበቢያው ማሽን ሁሉን ነገር የሚያውቅ ይመስላቸዋል። አይደለም። ለምሳሌ «ፒ 0171» የሚለው ቁጥር ሲወጣ ትርጉሙ «አየሩ በዝቷል ወይም ነዳጁ አንሷል» ነው። ይህንን አይቶ ሮጦ ሴንሰር የሚቀይር ሰው ገንዘብ ያባክናል። ምክንያቱ የተሰነጠቀ የአየር ቱቦ፣ የተደፈነ ፊልትሮ ወይም የደከመ ፖምፓ ሊሆን ይችላል። ማሽኑ ሰፈሩን ይነግረናል፤ ቤቱን አንኳኩቶ የሚያገኘው መካኒኩ ነው።

ስለዚህ በአሮጌውም በአዲሱም መኪና ላይ ይህን ቅደም ተከተል እንመክራለን፦

1. ባትሪውን በቴስተር ለኩ። ሞተሩ ጠፍቶ 12.6 ቮልት ያህል፣ ሞተሩ ሲሠራ 14 አካባቢ ካላሳየ በመጀመሪያ እርሱን ወይም ዲናሞውን መርምሩ።
2. የባትሪውን ተርሚናልና ከሞተሩና ከቦዲው ጋር የሚያያዘውን ሽቦ አጽዱ፣ አጥብቁ። ደካማ የኔጌቲቭ ሽቦ ኮምፒውተሩን ያሳብደዋል።
3. ፊውዞቹንና ሶኬቶቹን እዩ።
4. የአየርና የነዳጅ ፊልትሮውን እዩ፤ የናፍታ ፊልትሮው ሥር የተጠራቀመውን ውኃ አፍስሱ።
5. ቱቦዎቹን በዓይንም በእጅም ፈትሹ።
6. ከዚህ በኋላ ነው ቁጥሩን ማንበብ፣ ካነበቡም በኋላ መለካት። ሳይለኩ መቀየር ክልክል ነው!

ከስድስቱ አምስቱ አሮጌ ሞተር ላይ የሚማሩት ዕውቀት መሆኑን አስተውላችኋል? ስድስተኛውም ቢሆን በስልክ የሚሠራ ትንሽ ማንበቢያ ካለ እዚሁ መለማመድ ይቻላል።

ለተማሪዎቻችን

«የምንማርበት ሞተር አሮጌ ነው» ብላችሁ አትዘኑ። መጨመቅ፣ መቀጣጠልና ማቀዝቀዝ በአዲሱም ያው ናቸው። ካርቦራተር ፈትቶ የገጠመ ሰው ኢንጄክተር ለምን እንደመጣ ይገባዋል። ካርቦራተር ያለው ሞተር ደግሞ ሩቅ አይደለም፤ በየብሎኩ በሚያልፈው ቦዳ ቦዳና በጄኔሬተሩ ላይ አለ። ጁዋ ካሊ ከሚባሉት ፀሐይ ላይ ከሚሠሩ የኬንያ ባለሙያዎች አንዳንዶቹ የጀመሩት ከዚያ ነው።

ግን እዚያ ላይ አትቁሙ። ኤሌክትሪክ ተማሩ። የሽቦ ሥዕል ማንበብ፣ በቴስተር መለካት፣ ኮምፒውተር መክፈት ልመዱ። የጥገና መመሪያዎች ስለሚበዙበት እንግሊዝኛችሁን አጠንክሩ። ዓለም እየተለወጠች ነው። ኢትዮጵያ በ2024 መጀመሪያ ላይ በቤንዚንና በናፍታ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ መከልከሏን አስታውቃለች። የኤሌክትሪክ መኪና ካንዴላም፣ የዘይት ፊልትሮም፣ ማርሚታም የለውም፤ በዚህ በኩል ከቮልስም ይቀላል። በኤሌክትሮኒክሱ በኩል ግን ከሁሉም ይወሳሰባል። ባትሪው ብዙ ጊዜ 300 ወይም 400 ቮልት ስለሚይዝ ሰው ይገድላል። ብርቱካንማ ቀለም ያለውን ወፍራም ሽቦ ያልሠለጠነ ሰው ፈጽሞ እንዳይነካ!

መምህራን ደግሞ እነዚህን ጥያቄዎች በክፍል ውስጥ ብታወያዩባቸው ደስ ይለናል፦

• አንድ ማሽን 50 ዕቃዎች ቢኖሩትና እያንዳንዱ 99 በመቶ አስተማማኝ ቢሆን ማሽኑ ዓመቱን ሳይቆም የመጨረስ ዕድሉ ስንት ነው?
• በካምፓችን የውኃ ፖምፕ ወይም ጄኔሬተር ሲበላሽ ስንት ቀን ይቆማል? የሚያስቆመው ምንድነው? ዕቃ፣ መሣሪያ፣ ገንዘብ ወይስ ዕውቀት?
• በመጋዘን 5 መለዋወጫ ብቻ ማስቀመጥ ቢፈቀድላችሁ የትኞቹን ትመርጣላችሁ? ለምን?

እንግዲህ በሚቀጥለው ጊዜ ክርክሩ ሲነሣ «አሮጌው ይሻላል ወይስ አዲሱ?» ከማለት ይልቅ «የት ቦታ፣ በምን ነዳጅ፣ ማን ይጠግነዋል?» ብላችሁ ጠይቁ። የመጨረሻውን ጥያቄ መልስ መለወጥ በእናንተ እጅ ነው። መልካም የትምህርት ጊዜ ይሁንላችሁ!